«ጥናት አረጋገጠ» ከማለታችን በፊት

የሥነ ልቦና ጥናት ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ርዕሱ አብዛኛውን ጊዜ «ጥናት አረጋገጠ» ነው። ማንን አጥንቶ? እንዴት መርጦ? ይህን የሚነግረን ዘጋቢ ብዙ የለም። እኔ በበኩሌ የዜናው ግማሹ ያለው እዚያ ላይ ነው ባይ ነኝ።

የስታንፎርዱን የእስር ቤት ሙከራ እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1971 ፊሊፕ ዚምባርዶ በዩኒቨርሲቲው ሕንጻ ምድር ቤት የማስመሰያ እስር ቤት ሠርቶ ገሚሱን ወጣት ጠባቂ፣ ገሚሱን እስረኛ አደረገ። ለሁለት ሳምንት የታሰበው ሙከራ በስድስት ቀን ተቋረጠ፤ ጠባቂዎቹ ጨክነው ነበርና። (ቀድሞ ተመክረው ነበር የሚለው ትችት ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው።) ከዚያ ወዲህ «ማንም ሰው ሥልጣን ሲይዝ ይጨክናል» ለማለት ይጠቀሳል።

ማንም ሰው? ተሳታፊዎቹ እኮ የተገኙት በጋዜጣ ማስታወቂያ ነው። ማስታወቂያው ጥናቱ ስለ እስር ቤት ሕይወት መሆኑንና በቀን 15 ዶላር እንደሚከፈል ይናገራል። ከ70 በላይ ሰው አመለከተ፤ ተጣርቶ 24 ወንድ ተማሪ ተመረጠ። ማን ጠባቂ፣ ማን እስረኛ እንደሚሆን የተለየው በዕጣ ነው። ብዙ ሰው የሚወናበደው እዚህ ጋ ነው። ዕጣው የደለደለው ራሳቸው ፈልገው የመጡትን ልጆች ነው እንጂ ከሕዝቡ መካከል ሰው አላወጣም። ሁለቱ ለየቅል ናቸው።

በ2007 ካርናሃንና ማክፋርላንድ የተባሉ ተመራማሪዎች ሁለት ማስታወቂያ አወጡ። አንዱ «የእስር ቤት ሕይወት» ይላል፣ ሌላው ይህችን ሐረግ ትቷታል። ሐረጓን አይተው የመጡት በጠበኝነት መለኪያ ከፍ፣ በርኅራኄ ዝቅ ብለው ተገኙ። በአንዲት ሐረግ! እርግጥ ይህ የ1971ዎቹ ልጆች ክፉ ነበሩ ማለት አይደለም። «ማንም ሰው» የሚለውን ግን ያናጋዋል።

ወደ ቤታችን እንምጣ። ለኮርስ ሥራ የሚዘጋጅ መጠይቅ የሚታደለው የት ነው? ዶርም ውስጥ፣ «በናትህ ሙላልኝ» እየተባለ። ካፌ በር ላይ አምስት ሰው ይጠየቅና «የከተማው ነዋሪዎች ገለጹ» ይባላል። በቅርብ የተገኘውን ሰው መጠየቅ በራሱ ነውር የለበትም፤ ገንዘብም ጊዜም የለንም። ችግሩ የዶርሙን መልስ የአገር ማድረጉ ላይ ነው።

ስለዚህ መምህራኖቻችን አንድ ደንብ ቢያወጡልን ደስ ይለኛል፦ ጥናት የሚጠቅስ ጽሑፍ ሁሉ ተጠኚዎቹ ስንት፣ እነማንና እንዴት የተገኙ እንደሆኑ ይጻፍበት። ካልታወቀም «አልተገለጸም» ይባል። ቦታ ይሻማል የሚሉ ልጆች አሉ። «24 ወንድ ተማሪዎች፣ በጋዜጣ ማስታወቂያ ራሳቸው የመጡ» ለማለት ስንት መስመር ይፈጃል?