«ዘላ ገባች»

አደጋ በደረሰ ቁጥር የምንሰማው ቃል አንድ ነው፦ «ዘላ ገባች።» ወልድያም፣ መርሳም። ሟቿ ትወቀሳለች፣ ሾፌሩ ይታሰራል ወይ ይለቀቃል፣ መንገዱን ግን የሚጠይቀው የለም።

ሥራዬ ሶፍትዌር መሥራት ነው። አንድ ሰው ያልሆነ ቁልፍ ከነካ ተሳስቷል እንላለን። ሁሉም ሰው ያንኑ ከነካ ግን የሚጠየቀው ቁልፉን እዚያ ያስቀመጠው ነው። እስቲ ወልድያን ተመልከቱ። ከአዲስ አበባ በደሴ አድርጎ መቀሌ የሚሄደው አስፋልት ከተማዋን ሰንጥቆ ያልፋል፤ ቻይናዎች በደርግ ዘመን የሠሩት የወረታ መንገድም እዚሁ ይገጥመዋል። የሐብሩዋ መርሳም የተሰደረችው በዚያው አስፋልት ግራና ቀኝ ነው። ትምህርት ቤት ለመሄድ፣ እህል ለማስፈጨት፣ ለቅሶ ለመድረስ አገር አቋራጭ መኪና የሚበርበትን መሻገር ግድ ነው። በገበያ ቀንማ ባጃጁ፣ ጋሪው፣ ፍየል የሚነዳው ገበሬ፣ በዚያ ላይ ሲኖትራክ! ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር»፣ አይሱዙን «አልቃይዳ» ብሎ ስም ያወጣ ሕዝብ «ግንዛቤ ይጎድለዋል» ሲባል ያስቀኛል።

ሒሳቡን እንሥራው። በሴኮንድ 1.2 ሜትር የሚራመድ ሰው 14 ሜትር ስፋት ለመሻገር 12 ሴኮንድ ገደማ ይፈጅበታል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚመጣ መኪና በዚያ ጊዜ ከ160 ሜትር በላይ ይሄዳል። ልጅ ያዘለች እናትና ምርኩዝ የያዙ አዛውንት ደግሞ እንደዚያ አይፈጥኑም። መሐል ላይ መቆሚያ ደሴት ብትሠሩ ግን የሚሻገሩት 7 ሜትር ብቻ ነው፤ ከ6 ሴኮንድ በታች። የመታጠፊያውን ጥግ ብታጠቡት ሾፌሩ ወደደም ጠላም ፍሬን ይይዛል። ከ50 ወደ 30 የወረደ መኪና ይዞት የሚመጣው ጉልበት ከሲሶው ብዙ አይበልጥም። ይሄን ፖስተር አያመጣውም።

«በጀት የለም» የሚለውን መልስ አልቀበልም። በ2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ ለገሃር መጋጠሚያ ላይ ከግሎባል ዲዛይኒንግ ሲቲስ ኢኒሼቲቭ ጋር ሆና በቀለምና በአበባ ማስቀመጫ ትርፉን አስፋልት ለእግረኛ ሰጥታለች። አስፋልቱን መቆፈር አላስፈለገም። እኛ ሰፈር ይሄን የሙከራ ስሪት እንለዋለን፤ ካልሠራ ቀለሙን ታጠፋለህ፣ ድስቱን ታነሳለህ።

«አውራ ጎዳናው የፌዴራል ነው፣ እኛን አይመለከትም» የሚለው ሰበብ ይበልጥ ያናድዳል። ደብዳቤ መጻፍ ያቃተው ማነው? የባጃጅ ማቆሚያውን ከመሻገሪያው አፍ ላይ ማንሳትስ የማንን ፈቃድ ይጠይቃል? ባጃጆቹ ይጮሃሉ፤ ይጩሁ፣ ጥግ ላይ ቦታ ይሰጣቸው። መጀመሪያ የወረታው መጋጠሚያ ይሁን፣ አንድ ወር ብቻ። ከቀለሙ በፊትና በኋላ ፍጥነቱን በስልክ ቪዲዮ ቀርጸን መቁጠር እንችላለን፤ ለእሱ የሚሆነውን ፕሮግራም እኔ በነጻ እጽፋለሁ።