ቤንዚን ተከለከለ፤ ሶኬቱስ?

እንደሚታወሰው፣ በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዶ/ር ዓለሙ ስሜ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከእንግዲህ ወደ ሀገር እንደማይገቡ ባስታወቁ ጊዜ፣ ኢትዮጵያ እንዲህ ያለ ክልከላ በመጣል ከዓለም የመጀመሪያዋ ናት ተብሎ ተዘገበ። ከዚያ ወዲህ በጉዳዩ ላይ የሚካሄደው ክርክር በሁለት ጎራ ተከፍሎ እንደ ቆመ ነው። አንዱ ወገን ውሳኔውን እንደ ታላቅ እመርታ ያወድሳል፤ ሌላው ደግሞ «መብራት በሚጠፋበት ሀገር የመብራት መኪና» እያለ ይሳለቃል። ይህ ጸሐፊ ሁለቱን ሲያዳምጥ ከርሞ አንድ ነገር ታዝቧል፦ የሚያወድሰው የሚያወድሰው መንግሥትን ነው፤ የሚሳለቀውም የሚሳለቀው በመንግሥት ላይ ነው። ስለ መኪናው የሚናገር ግን እምብዛም አይገኝም።

ወደ ነገሬ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልናዘዝ። የማሽከረክራት መኪና ከተሠራች ከሃያ ዓመት በላይ የሆናት ቪትዝ ናት። ዛሬ ብሸጣት ከገዛሁበት ዋጋ ብዙ እጥፍ አገኝባታለሁ፤ በዚያ ገንዘብ ግን እሷኑ የምትተካ መኪና መግዛት አልችልም። እንግዲህ ከጉዳዩ ጥቅም የለኝም ብል ውሸት ነው፤ ጉዳት የለብኝም ብልም እንዲሁ።

ከመኪናው ከጀመርን መንግሥት ትክክል ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ለአዲስ አበባ ታስቦ የተሠራ እስኪመስል ድረስ ይስማማታል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ የተቀመጠች ናት። የቤንዚን ሞተር ነዳጁን የሚያቃጥለው አየር ስቦ ስለ ሆነ፣ አየር በሳሳበት በዚህ ከፍታ ቢያንስ ከአምስት እጅ አንዱን ጉልበቱን ያጣል። ወደ እንጦጦ የሚወጣ አሮጌ ታክሲ በአንደኛ ማርሽ የሚያቃስተው ስላረጀ ብቻ አይደለም፤ ትንፋሽም ስለሚያጥረው ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር አይተነፍስም፤ አሳይታ ላይ ያለው ጉልበት ሽሮ ሜዳ ላይ አይጎድልበትም። ከመገናኛ እስከ ሜክሲኮ በመኪና ሰልፍ ውስጥ ሲንፏቀቅም፣ የቤንዚኑ ሞተር ቆሞ ሲጠጣ የኤሌክትሪኩ ቆሞ ዝም ይላል። ከአንድ ሊትር ቤንዚን ውስጥ የሚገኘው ኃይል ወደ 9 ኪሎዋት ሰዓት ይጠጋል፤ ከዚህ ውስጥ ሦስት አራተኛው ወይም ከዚያ የሚበልጠው ጎማ ሳያዞር በሙቀት ይባክናል። በኤሌክትሪክ መኪና የሚባክነው ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። የአየሩ ጠባይም ያግዛል፤ አዲስ አበባ እንደ ሰሜን አውሮፓ ባትሪ የሚያደነዝዝ ውርጭ፣ እንደ ባሕረ ሰላጤው ሀገሮች ባትሪ የሚያነድ ሐሩር የለባትም።

«መብራቱ ከየት ይመጣል?» የሚለው የተለመደ ሙግትም በቁጥር ሲመረመር እንደሚባለው የጠነከረ አይደለም። አንድ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ለመቶ ኪሎ ሜትር 18 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል፣ በዓመትም 15 ሺህ ኪሎ ሜትር ይሄዳል እንበል። መቶ ሺህ እንዲህ ያሉ መኪኖች በዓመት የሚፈልጉት 270 ጊጋዋት ሰዓት ነው። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የኅዳሴ ግድብ በዓመት ከ15 ሺህ ጊጋዋት ሰዓት በላይ እንዲያመነጭ የታቀደ ሲሆን፣ መቶ ሺዎቹ መኪኖች ከዚህ የሚወስዱት ከመቶ ሁለት እጅ እንኳ አይሞላም። ደግሞስ በ2016 ዓ.ም. ለቢትኮይን አምራቾች ኃይል ሲሸጥ የነበረ ሀገር ለመኪና የሚሆን ኃይል አጣ ቢባል ማን ያምናል? ነዳጅን በውድ ዶላር ከውጭ ገዝቶ፣ ከጂቡቲ በቦቴ አጓጉዞ፣ ከባከነው ሙቀት በተረፈው ጥቂት ኃይል ከመነዳት ይልቅ በሀገር ውኃ በተገኘ ኃይል መነዳት የተሻለ መሆኑን ለማስረዳት የዶክትሬት ዲግሪ አያስፈልግም።

ታዲያ ችግሩ የቱ ላይ ነው? ችግሩ ከግድቡ እስከ ሶኬቱ ባለው መንገድ ላይ ነው።

አንድ ባልደረባዬ ያጠራቀመውንና የባለቤቱን ዕቁብ አሟጦ፣ ብድር አክሎ፣ ቻይና ሠራሽ የኤሌክትሪክ መኪና ገዛ። የሚኖረው በጋራ መኖሪያ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሳሎኑ መስኮት ማራዘሚያ ገመድ እያወረደ ሌሊት ሌሊት ቻርጅ ያደርግ ነበር። ክረምት ሲገባ የነዋሪዎች ኮሚቴ ተሰብስቦ ገመዱ እንዲነሣ ወሰነ፤ ሕፃናት በሚጫወቱበት ግቢ ውስጥ፣ ዝናብ ላይ የተዘረጋ ገመድ አደጋ ነውና ኮሚቴውን ማንም ሊወቅሰው አይችልም። ግቢው ውስጥ ቻርጅ ማድረጊያ በጋራ እናስተክል ቢል፣ መኪና የሌላቸው ጎረቤቶቹ «እኛ ለምን እናዋጣ?» አሉት። እነርሱም አልተሳሳቱም። አሁን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥቶ ወደ ቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያ ይሄዳል፤ የተማሪዎቹን የፈተና ወረቀት የሚያርመው እዚያ ተራ እየጠበቀ ነው።

የራሱ ግቢ ላለው ሰው ነገሩ ከዚህ በጣም ይቀላል። ተራ ሶኬት 10 አምፔር ቢሰጥ ከ2 ኪሎዋት ትንሽ ይበልጣል፤ በአሥር ሰዓት ሌሊት ውስጥ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ የሚያስኬድ ኃይል ይሞላል። ለከተማ ሰው ይህ ይበቃዋል፤ መብራቱ ካልጠፋ ማለት ነው። የኃይል ምጣኔውን ያየን እንደ ሆነም የእንጀራ ምጣድ ከዚህ በላይ ይስባል። ልዩነቱ ምጣዱ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን ለጥቂት ሰዓታት የሚለኮስ ሲሆን፣ መኪናው በየሌሊቱ እስኪነጋ የሚጋገር ምጣድ መሆኑ ነው። ባለጸጋው ጎረቤት ደግሞ 7 ኪሎዋት የሚሰጥ ማድረጊያ ከግድግዳው ላይ ያስገጥማል። በአንድ የሰፈር ትራንስፎርመር ሥር ሃያ እንዲህ ያሉ ጎረቤቶች ቢኖሩ፣ ሁሉም ከሥራ ተመልሰው ማታ አንድ ላይ ሲሰኩ የሚጠይቁት 140 ኪሎዋት ነው። ምጣዱን ብቻ በበዓል ዋዜማ መሸከም የሚያቅተው ትራንስፎርመር ይህንን ይችላል ብሎ የሚያምን ካለ፣ በበዓል ዋዜማ እንጀራ ጋግሮ የማያውቅ ሰው መሆን አለበት።

ከከተማ ሲወጣ ጥያቄው መልኩን ይለውጣል። ወደ ጎጃም የሚሄድ መንገደኛ ከጎሐ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ ከ1,300 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ ከድልድዩ ማዶ እስከ ደጀን ደግሞ መልሶ ይወጣዋል። ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና ያንን ዳገት ለመውጣት፣ ወደፊት ለመጓዝ ከሚያወጣው ኃይል በተጨማሪ፣ ቢያንስ 7 ኪሎዋት ሰዓት ይከፍላል፤ ይህም ከመካከለኛ ባትሪ ከአሥር እጅ አንዱን ይበልጣል። ቁልቁለቱ ላይ ግን ሞተሩ እንደ ጄኔሬተር ስለሚሠራ ከክፍያው ከግማሽ የማያንሰውን ይመልሳል። እዚያ ቁልቁለት ላይ የፍሬን ሸራ ሽታ ያስጨነቀው ሰው ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ያውቃል። ስለዚህ ባትሪው በረሃውን መሻገር አያቅተውም። የሚያቅተው ከዚያ በኋላ ነው፤ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር የአንድ ቀን ሙሉ መንገድ ነው፤ መንገደኛው በመካከሉ ቻርጅ የሚያደርግበትን ቦታ ርግጠኛ ሆኖ መቁጠር ካልቻለ መኪናው የከተማ መኪና ሆኖ ይቀራል። የቤንዚን መኪና የያዘ ሰው ማደያ ቢያጣ ከመንገድ ዳር፣ በጥቁር ገበያም ቢሆን፣ በጀሪካን ገዝቶ ያዘግማል። መብራት በጀሪካን አይገዛም። በትግራዩ ጦርነት ጊዜ ክልሉ ለረጅም ወራት ከብሔራዊው የኃይል መረብ ተቆርጦ እንደ ነበረም መርሳት አይገባም። እርግጥ ነው፣ ያኔ ቤንዚንም አልነበረም። ሆኖም የዜጋው እንቅስቃሴ በሙሉ በአንድ ማብሪያና ማጥፊያ ላይ ሲንጠለጠል፣ ማብሪያውን የያዘው እጅ የማን እንደ ሆነ መጠየቅ የፖለቲካ ጥያቄ ነው።

ሌላው የማይነሣው ጉዳይ ጋራዡ ነው። ቪትዜ ብትታመም መርካቶ ሱማሌ ተራ ሄጄ፣ ከተበተነች እህቷ የወጣ ዕቃ ተከራክሬ እገዛለሁ፤ የሰፈሬ መካኒክም ዓይኑን ጨፍኖ ይገጥማታል። ይህ ዕውቀት በየትኛውም ዕቅድ ውስጥ ያልተመዘገበ፣ በሁለትና በሦስት ትውልድ መካኒኮች የተከማቸ የሀገር ሀብት ነው። በአዲስ አበባ መንገድ ላይ በብዛት ከምናያቸው የኤሌክትሪክ መኪኖች ብዙዎቹ ለቻይና ገበያ ብቻ የተሠሩ ናቸው። የቮልስዋገን አይዲ 6 ለምሳሌ በአውሮፓ ጨርሶ የማይሸጥ መኪና ነው። የቻርጅ መሰኪያው የቻይና፣ የስክሪኑ ቋንቋ የቻይና፤ ነጋዴ ከገበያ ገዝቶ ያስገባው ስለ ሆነም የአምራቹ ዋስትና አብዛኛውን ጊዜ ገዢውን ተከትሎ አይመጣም። ከመኪናው ዋጋ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ባትሪ ከአምስትና ከስምንት ዓመት በኋላ ምን ያህል አቅም እንደ ቀረው ለሁለተኛው ገዢ መርምሮ በማኅተም የሚነግር ማን ነው? በእኛ ሀገር መኪና መጓጓዣ ብቻ አይደለም፤ ቁጠባ ነው፣ ለልጅ ሕክምና ወይም ለቤት መሥሪያ የሚሸጥ ጥሪት ነው። ዋጋው የማይታወቅ ጥሪት ደግሞ ጥሪት አይደለም።

ከሁሉ በላይ የሚከነክነኝ ግን ቅደም ተከተሉ ነው። መንግሥት በ2014 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ አውቶሞቢሎችን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነፃ አደረገ፤ ሙሉ በሙሉ ተገጣጥሞ ለሚገባው 15 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ብቻ አስቀረ። የዚህ ምሕረት ተጠቃሚ ማን ነው? ሚሊዮኖች ብር አውጥቶ አዲስ መኪና መግዛት የቻለ ሰው ነው። በሌላ በኩል ሐምሌ 2014 ላይ የነዳጅ ድጎማው መነሣት ጀመረ፤ በ2017 አንድ ሊትር ቤንዚን ከመቶ ብር አለፈ።

እስቲ ቀላል ስሌት እናድርግ። ከቤት ወደ ሥራ የሚመላለስ የቤት መኪና በቀን 30 ኪሎ ሜትር ቢሄድና ለመቶ ኪሎ ሜትር 8 ሊትር ቢፈጅ፣ በቀን የሚያቃጥለው ሁለት ሊትር ተኩል አይሞላም። ከንጋት እስከ ምሽት የሚሠራ ሚኒባስ 150 ኪሎ ሜትር ቢሄድና ለመቶ ኪሎ ሜትር 12 ሊትር ቢፈጅ 18 ሊትር ያቃጥላል። አንዱን ሚኒባስ ወደ ኤሌክትሪክ መለወጥ ሰባት የቤት መኪና ከመለወጥ የበለጠ ነዳጅ ያድናል ማለት ነው፤ ያውም የሚያጓጉዘውን ሰው ብዛት ሳንቆጥር። ሚኒባስ መስመሩ የታወቀ፣ ተራ የሚይዝበትም ቦታ የታወቀ ነው፤ ቻርጅ ማድረጊያው የት ይተከል የሚለው ጥያቄ በራሱ የተመለሰ ነው። ወደ ሀገር ከሚገባው ነዳጅ ትልቁ ድርሻ ናፍጣ መሆኑም ይታወቃል፤ ናፍጣውን የሚፈጀው የመምህር ቪትዝ ሳይሆን የጭነት መኪናው፣ አውቶቡሱና ታክሲው ነው። በሀገር ውስጥ የሚገጣጠሙ የኤሌክትሪክ ሚኒባሶችና አውቶቡሶች መታየታቸው የሚያስደስት ነው። ሆኖም የአሥር ዓመቱ ዕቅድ ራሱ ለ148 ሺህ አውቶሞቢሎች 4,800 አውቶቡሶችን ነበር የመደበው። ሕዝቧ በእግርና በታክሲ በሚሄድባት ሀገር የዚህ ሚዛን ትርጉም ምንድን ነው?

የኖርዌይን ምሳሌ የሚጠቅሱ አሉ። እርሷም እንደ እኛ ከውኃ በሚገኝ ኃይል የምትኖር ሀገር ናትና ምሳሌነቱ ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 በኖርዌይ ከተሸጡት አዲስ አውቶሞቢሎች ከአሥሩ ዘጠኙ ገደማ የኤሌክትሪክ ነበሩ። ነገር ግን ኖርዌይ የቤንዚን መኪናን አልከለከለችም። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ አንዱን ከታክስ እየማረች፣ በሌላው ላይ ታክስ እየጫነች፣ በየመንገዱ ማድረጊያ እየተተከለ ሠላሳ ዓመት ያህል ቆየች። ገዢው ሶኬቱን አይቶ ነው መኪናውን የገዛው። እኛ ዘንድ መኪናውን ገዝቶ ሶኬቱን እንዲፈልግ ተነገረው።

ይህን ስል ክልከላው ይነሣ ማለቴ አይደለም። ቢነሣ ነገ የሚገቡት አሮጌ የቤንዚን መኪኖች ሃያ ዓመት ይኖሩብናል፤ የኔዋ ምስክር ናት። የምለው ከኃይል አገልግሎቱ የሚጠበቀው ሥራ ከመኪናው ኋላ ሳይሆን ፊት ይሂድ፣ የታክስ ምሕረቱም ከባለ አንድ ሰው መኪና በፊት ለባለ ታክሲው ይድረስ ነው። ስንት የኤሌክትሪክ መኪና እንደ ገባ በየመድረኩ እንሰማለን፤ ከመቶ ሺህ በልጧል ተብሏል። ከጥር 2016 ወዲህ በአዲስ አበባ ስንት የሰፈር ትራንስፎርመር እንደ ተለወጠ፣ በስንት የጋራ መኖሪያ ግቢ ቻርጅ ማድረጊያ እንደ ተተከለ፣ ስንት መካኒክ እንደ ሠለጠነ የሚናገር መሥሪያ ቤት ካለ ግን ቁጥሩን ይላክልኝ፤ ሳልጨምር ሳልቀንስ እዚሁ አወጣዋለሁ።