ከተማችን የውኃ ባለዕዳ ናት

ርእሰ አንቀጽ

ባለፈው ሳምንት በመኝታ ቤቶቻችን ውኃ ለሦስት ቀን ጠፍቶ እንደ ነበር ሁላችንም እናውቃለን። በአራተኛው ቀን ማለዳ ቧንቧው አየር እየተነፈሰ ሲከፈት፣ ባልዲ የያዘውም ጀሪካን የያዘውም በደረጃው ላይ ተሰልፎ ነበር። መጀመሪያ የወረደው ውኃ የሻይ መልክ ነበረው። ወዲያው በማስታወቂያው ሰሌዳ ላይ የአቤቱታ ወረቀት ተለጠፈ፤ ብዙ ፊርማም ተሰበሰበበት። አቤቱታው ተገቢ ነው፤ እኛም ፈርመናል። ነገር ግን ወረቀቱ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ይኸውም «ውኃ ይምጣልን» የሚል ነው። ውኃው ከማን ዘንድ እንደሚመጣ፣ ከተጠቀምንበትም በኋላ ወደ ማን እንደሚሄድ ከፈራሚዎቹ አንዳችንም አልጠየቅንም። ይህ የተረሳ ጥያቄ መነሣት አለበት እንላለን።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ውኃዋ የእንጦጦ ምንጮችና ከተራራው የሚወርዱት ወንዞች ነበሩ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የስዊስ ተወላጁ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ እስከ ቤተ መንግሥቱ ቧንቧ ዘረጋ። ከተማዋ ስትሰፋ ግን ምንጩ አልበቃ አለ። ስለዚህ በስተ ምዕራብ የገፈርሳ ግድብ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በስተ ምሥራቅ የለገዳዲ ግድብ፣ በ1990ዎቹ መግቢያ ደግሞ የድሬ ግድብ ተሠሩ። ከዚያ ወዲህ በአቃቂ የተቆፈሩት ጥልቅ ጉድጓዶች ተጨመሩ። ለገዳዲ ሲጀምር በቀን 50,000 ሜትር ኩብ ያህል ያጣራ ነበር፤ በኋላ ተስፋፍቶ ከ150,000 በላይ ደረሰ። ይህ ሁሉ ተደርጎ እንኳ ውኃው በተራ ይታደላል።

ሦስቱም ግድቦች የሚገኙት ከከተማዋ አስተዳደር ወሰን ውጭ፣ በኦሮሚያ ክልል ነው። ከበላያቸው ያለው አገር ባዶ ምድር አይደለም፤ ገበሬ የሚያርሰው ማሳ፣ ከብት የሚውልበት መስክ፣ ልጆች የሚያድጉበት መንደር ነው። እንግዲህ የምንጠጣው ውኃ የሚጀምረው ከማጣሪያው ገንዳ ሳይሆን ከዚያ ገበሬ ደጅ ነው። ዳገቱ ሣርና ቁጥቋጦ ሲለብስ የክረምቱ ዝናብ ወደ መሬት ይሰርግና ቀስ ብሎ ይወጣል፤ ዳገቱ ሲራቆት ግን ዝናቡ ጎርፍ ሆኖ አፈሩን እየጠረገ ወደ ግድቡ ይገባል። ጉዳቱም ድርብ ነው። ድፍርሱን ለማጥራት የሚፈጀው ኬሚካል ይበዛል፤ ደለሉም ከግድቡ ወለል ላይ እየተኛ የውኃውን ስፍራ ይወስዳል።

ደለል በግድብ ላይ ምን እንደሚያደርስ ለማየት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። ከከተማዋ በስተ ደቡብ፣ በአቃቂ ወንዝ ላይ በ1930ዎቹ የተሠራው የአባ ሳሙኤል ግድብ 6.6 ሜጋ ዋት ኤሌክትሪክ ያመነጭ ነበር። ደለልና እርጅና ተባብረውበት በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሥራውን አቆመ፤ ታድሶ የተመረቀው በ2009 ዓ.ም. ነው። ከአርባ ዓመት በላይ ሥራ ፈትቶ ኖረ ማለት ነው።

ይኸው አባ ሳሙኤል የፍሳሻችንም መድረሻ ነው። «ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው» የሚባለው እዚህ ላይ ይሠራል። ከእንጦጦ ጠርቶ የሚነሣው ቀበና በከተማዋ መካከል ሲያልፍ የሽንት ቤቱንም የጋራዡንም የገበያውንም ቆሻሻ ተቀብሎ ከታላቁ አቃቂ ይገባል። ትንሹ አቃቂ በበኩሉ የቆዳ ፋብሪካዎችን ፍሳሽ ተሸክሞ ይወርዳል። ሁለቱም በአባ ሳሙኤል ይገናኛሉ፤ በዚያም ፍሳሹ ያወፈረው እምቦጭ የውኃውን ፊት ይሸፍነዋል። የተረፈው ወደ አዋሽ ይቀጥላል። በመንገዱም ከወንዙ ዳር ያሉ አትክልተኞች ጎመኑንና ሰላጣውን በዚሁ ውኃ ያጠጣሉ። የላክነው ቆሻሻ በጎመን መልክ ተመልሶ ከማዕዳችን ይቀርባል።

ከላይኛው ጎረቤት ንጹሑን ወሰድን፤ ለታችኛው ጎረቤት እድፉን ሰጠን። ከተማችን ባለዕዳ ናት ያልነው ስለዚህ ነው።

«ዕዳው የሌሎች ጉዳይ ነው» የሚል አንባቢ ቢኖር ሁለት ነገር ያስብ። አንደኛው፣ የአቃቂ ጉድጓዶች የሚገኙት ከከተማዋ ግርጌ ነው። ብዙው ቤት ከፍሳሽ መስመር ጋር አልተገናኘምና የመጸዳጃው ጉድጓድ ወደ መሬት ይሰርጋል። በከተማዋ ውስጥ ባሉ ጥልቀት የሌላቸው ጉድጓዶችና ምንጮች ከፍ ያለ ናይትሬት በምርመራ ተገኝቷል። ናይትሬት በተለይ ሕፃናትን ይጎዳል፤ ውኃን በማፍላትም አይጠፋም። ሁለተኛው፣ ውኃ በተራ ሲለቀቅ ቧንቧው ለቀናት ባዶ ሆኖ ግፊቱን ያጣል። በዚያን ጊዜ በተሰነጠቀው በኩል በዙሪያው ያለውን እርጥብ አፈርና ፍሳሽ ይስባል። በማጣሪያው ጠርቶ የወጣው ውኃ በመንገድ ላይ ይቆሽሻል። በ2008 ዓ.ም. አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት በከተማችን በገባ ጊዜ፣ የመጠጥ ውኃና የሽንት ቤት ነገር የማይነጣጠል መሆኑን ተምረን ነበር፤ ትምህርቱ ግን ከበሽታው ጋር አብሮ የተረሳ ይመስላል።

ምንም አልተሠራም አንልም። በቃሊቲ ትልቅ የፍሳሽ ማጣሪያ ተሠርቷል፤ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህም የወንዞቹን ዳርቻ የማልማት ሥራ ተጀምሯል። እነዚህ የሚመሰገኑ ናቸው። ነገር ግን ዳርቻው በአበባ ቢያጌጥ፣ ከበላዩ የሽንት ቤት ቱቦ ወደ ወንዙ እስከ ተለቀቀ ድረስ ውኃው አይጠራም። ችግኝ መትከልም እንዲሁ መልካም ነው፤ ሆኖም ዛፍ ሁሉ ለምንጭ አንድ አይደለም። ባሕር ዛፍ ከተማዋን ከማገዶ ችግር ያዳነ ባለውለታ ቢሆንም ብዙ ውኃ ይጠጣል፤ ከሥሩም ሣር እንደ ልብ አይበቅልም። ተፋሰስ የሚጠበቀው በጽድና በወይራ፣ በእርከንና በሣር ነው።

አንዳንዶች «ገበሬው ከግድቡ ራስጌ ይነሣ፣ ቦታውም ይታጠር» ይላሉ። ይህ በአፍ ሲናገሩት የቀለለ፣ ሲሠሩት ግን ግፍ የሆነ ነገር ነው። መሬቱን የተነጠቀ ገበሬ ሌላ ዳገት ያርሳል፤ ደለሉ ቦታ ይቀይራል እንጂ አይቀርም። ከእኛ ይልቅ እጅግ ባለጸጋ የሆነችው ኒው ዮርክ እንኳ ይህን መንገድ አልመረጠችም። በ1989 ዓ.ም. ውኃዋ ከሚመነጭበት ከካትስኪል ተራሮች ነዋሪዎች ጋር ስምምነት ፈረመች፤ ብዙ ቢሊዮን ዶላር የሚፈጅ ማጣሪያ ከምትሠራም ገበሬው ፍጉን በደንብ እንዲይዝ፣ የወንዙን ዳር እንዲያጥር፣ የገጠሩም ሽንት ቤት እንዲታደስ ገንዘብ መክፈልን መረጠች። እኛ ማጣሪያ ሳይኖረን መኖር አንችልም፤ ግን ከላይ የሚጠብቅን ሰው ዋጋ መክፈል ርካሽ መሆኑን ከእርሷ መማር እንችላለን።

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን። አንደኛ፣ ከውኃ ሂሳቡ ላይ በየሜትር ኩቡ ጥቂት ሳንቲም ተለይቶ ለተፋሰሱ ይዋል፤ ለእርከኑ፣ ለመኖው ሣር፣ ለመንደሮቹም የቦኖ ውኃ። ውኃው ከደጁ አልፎ ወደ እኛ ሲወርድ የላይኛው ገበሬ ልጅ ጀሪካን ተሸክማ ወንዝ የምትወርድ ከሆነ፣ ግድቡን ጠብቅልን ለማለት ምን አፍ አለን? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 49 ኦሮሚያ በአዲስ አበባ ላይ፣ በተለይ በተፈጥሮ ሀብት አጠቃቀም፣ ልዩ ጥቅም እንዳለው ደንግጓል፤ ዝርዝሩ ከክርክር ወጥቶ ወደ ቧንቧና ወደ እርከን ይለወጥ። ሁለተኛ፣ አዲስ የውኃ መስመር በሚዘረጋበት ሰፈር ሁሉ የሚመጣው ውኃ የሚወጣበት የፍሳሽ ዕቅድ አብሮ ይቅረብ። ሦስተኛ፣ የሚፈስሰው አሮጌ ቧንቧ ይጠገን፤ አዲስ ግድብ ከመሥራት በፊት ያለውን አለማባከን ይቀድማልና።

ለራሳችንም ድርሻ አለን። የግቢያችን ሽንት ቤት ወዴት እንደሚፈስስ ጠይቀን እስከ ዛሬ ቁርጥ ያለ መልስ አላገኘንም። ወንዙ ከአጥራችን ብዙ አይርቅም፤ ጥርጣሬያችንን ሁሉም ያውቀዋል። ማኅበራችን የፍሳሹን መስመር ንድፍ እንዲያሳየን ለአስተዳደሩ ደብዳቤ ጽፏል። መምህሮቻችንን ደግሞ በአክብሮት የምንለምናቸው አለን። የኬሚስትሪና የባዮሎጂ ክፍሎች በየወሩ ከቀበና፣ ከግቢያችን በላይና በታች፣ ውኃ ቀድተው ይመርምሩ፤ የጂኦግራፊ ተማሪዎች የለገዳዲን ዳገቶች ይለኩ፤ የሕግ ተማሪዎች በ1992 ዓ.ም. የወጣው የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ለቤት ፍጆታ የሰጠውን ቅድሚያ ከሥራው ጋር ያስተያዩ። ውጤቱን፣ ደስ ቢለንም ባይለንም፣ በዚሁ ወረቀት ላይ እናወጣዋለን።

በሚቀጥለው ጊዜ ውኃ ሲጠፋ እንደገና እንሰለፋለን፤ እንደገናም እንፈርማለን። ያን ጊዜ ግን ወረቀቱ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይኑረው፤ ውኃ ይምጣልን፣ ዕዳችንንም እንክፈል።