ጉልበት ሳይጐድል የኦቶሞቢልን ጩኸት ስለ ማሳነስ

እንጦጦ ማርያም ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑባት ደብር ናት። በዚያ ዘመን ወደ ተራራው የሚወጣው ሰው በእግሩ ወይም በበቅሎው ይወጣ ነበርና የሞተር ድምፅ የሚባል ነገር አይታወቅም ነበር፤ የመጀመሪያው ኦቶሞቢል አዲስ አበባ የገባው ከዚያ ወዲያ በ1900 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ግን ከሽሮ ሜዳ እስከ ደብሩ ደጃፍ የሚደርሰው አቀበት የኦቶሞቢል መንገድ ሆኗል፤ በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ከተከፈተ ወዲህም የሚወጣው ሰው በዝቷል። መንገድ መቅናቱና ሕዝብ መውጣቱ ደስ የሚያሰኝ ነው። ነገር ግን ማርሚታው የተቀደደ ወይም የወለቀ አንድ የጭነት መኪና በማኅሌትና በቅዳሴ ሰዓት ሲያልፍ የካህናቱን ዜማ ያውካል፤ ጸበል ፈልጎ የመጣውን ሕሙም ዕረፍት ይነሣል፤ በመንገዱ ዳር የሚኖረውንም ሕፃንና ሽማግሌ ከእንቅልፉ ይቀሰቅሳል።

የባለንብረቶቹ ምክንያት የታወቀ ነው። ማርሚታ ጉልበት ይበላል፤ አቀበቱም ጉልበት ይፈልጋል፤ ስለዚህ የማርሚታው ሆድ ዕቃ ወጥቶ ባዶ ቆርቆሮው ቢቀር ይሻላል ይላሉ። ይህ አሳብ ጨርሶ ሐሰት አይደለም፤ ውስጡ የጠበበ ወይም በጥላሸት የተደፈነ ማርሚታ የጭሱን መውጫ እያስጨነቀ ሞተሩን ያደክማልና። ሆኖም እንጦጦን ሲወጡ የሚሰማው ድካም ዋና ምክንያቱ ሌላ ነው። የተራራው ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ያህል ስለ ሆነ፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ወደ 70 በመቶ ይወርዳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ነዳጁን የሚያቃጥልበት አየር ሲያንስበት ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያጣል። አየር የወሰደውን ጉልበት ከማርሚታ መፈለግ፣ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

ማርሚታ ሥራውን የሚሠራበትን መንገድ ማወቅ ምርጫን ያቀናል። አንደኛው ዓይነት ውስጡ በላሜራ በብዙ ክፍል የተከፈለ ነው፤ ጭሱ ከክፍል ወደ ክፍል እየዞረ ሲያልፍ የድምፁ ሞገድ ከግድግዳው እየተመለሰ እርስ በርሱ ይጣፋል። ይህ ድምፅን አጥብቆ ያፍናል፤ ነገር ግን መዞሪያው የበዛና የጠበበ እንደ ሆነ የጭሱን አካሄድ ያዘገያል። ሁለተኛው ዓይነት በመካከሉ ቀዳዳ የበዛበት ቀጥ ያለ ቱቦ አለው፤ ቱቦውም ሙቀት በሚችል የመስተዋት ወይም የብረት ጭረት ተጠቅልሏል። ጭሱ ሳይታጠፍ በቀጥታ ያልፋል፤ ድምፁ ግን በቀዳዳው ገብቶ በጭረቱ ውስጥ ወደ ሙቀት ይለወጣል። የዚህ ዓይነቱ ጉድለት ቀጭኑን ድምፅ በደንብ ሲይዝ ወፍራሙን ጉምጉምታ በቀላሉ አለመያዙ ነው፤ ጭረቱም በዘመን ብዛት እየተቃጠለና እየበነነ ሲያልቅ ጩኸቱ ይመለሳል።

እንግዲህ ድምፅ እንዲያንስለት፣ ጉልበትም እንዳይጐድልበት የሚፈልግ ሰው በመጀመሪያ የማርሚታውን የሆድ ስፋት ይመልከት። ሁለቱ ማርሚታዎች የቱቧቸው ስፋት እኩል ከሆነ፣ ረጅሙና ሆደ ሰፊው ጭሱን ሳያስጨንቅ ድምፁን ይበልጥ ያለዝባል። በመኪናው ሥር ቦታ ካለ፣ አንዱን በመካከል ሌላውን በስተኋላ አድርጎ በሁለት ማርሚታ መከፋፈል አንዱን እጅግ ከማጥበብ ይሻላል። የቱቦው ስፋት ፋብሪካው ከሠራው እንዳያንስ፣ ያለ ምክንያትም ከልክ በላይ እንዳይሰፋ ይጠንቀቅ። በያጁም ማጠፊያውን በዝግታ እንዲያጐብጠው እንጂ እንዳያጨራምተው ይዘዘው። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ጩኸቱ ከማርሚታው መሆኑን ያረጋግጥ፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከሞተሩ አጠገብ ባለው መጋጠሚያ ወይም ዝገት በበላው ቱቦ ላይ ይገኛል። ከዚያ የሚያመልጠው ጭስ ሽታ የሌለውን መርዝ ካርቦን ሞኖክሳይድን ወደ ተሳፋሪው ስለሚያስገባ ነገሩ የጩኸት ብቻ ሳይሆን የነፍስም ነው።

ጆሮ በዚህ ጉዳይ ታማኝ ዳኛ አይደለም። የጮኸ ሞተር የበረታ ይመስላል፤ የለዘበውም የደከመ ይመስላል። ስለዚህ ባለንብረቱ ማርሚታውን ከመለወጡ በፊትና ከለወጠ በኋላ፣ ጭነቱን እኩል አድርጎና መንገዱ ባዶ በሆነበት ሰዓት፣ ያንኑ አቀበት በስንት ደቂቃ እንደ ወጣና ስንት ነዳጅ እንደ ፈጀ ይመዝግብ። በድምፅ በኩልም የ10 ዴሲቤል መቀነስ ቀላል ነገር አይደለም፤ የድምፁ ኃይል ወደ አንድ ዐሥረኛ ይወርዳል፣ ለሰው ጆሮም በግማሽ ያህል ያነሰ ሆኖ ይሰማል።

መንግሥት የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ን ካወጣ ዓመታት አልፈዋል፤ ለመኖሪያ ስፍራ የተወሰነውም የድምፅ ልክ በቀን 55፣ በሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። ሕግ የሚጸናው ግን በመጻፉ ሳይሆን በመፈጸሙ ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት ኦቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ቢወሰንም፣ ቀድሞ የገቡት ገና ብዙ ዘመን ያገለግላሉ፤ ማርሚታቸውም እየዛገ ይለወጣል። ስለዚህ ሹማምንቱ በየዓመቱ በሚደረገው የተሽከርካሪ ምርመራ ፍሬንና መብራት እንደሚታይ ሁሉ የማርሚታውም ውስጥ እንዲታይ፣ ድምፁም በመሣሪያ እንዲለካ ማድረግ ይገባቸዋል። ጥፋተኛውን ከመቅጣት ጋር የሚበጀውን ማርሚታ ቢያስረዱት ትእዛዙ በፈቃድ ይፈጸማል፤ ጉልበቱ እንደማይጐድልበት ያወቀ ሰው ለመጮኽ ምክንያት አይቀርለትምና። ካህናቱም ለጉባኤው በሚያስተምሩበት ጊዜ ባልንጀራን አለማወክ ከፍቅር ሥራ የሚቈጠር መሆኑን ቢያሳስቡ፣ ባለመኪናው አቀበቱን በጉልበት ይወጣል፤ ደብሩም ጸጥታውን ያገኛል።