የመጀመሪያውን ምላጭ ለሚመርጥ ወጣት

«ምላጭ ቢያብጥ በምን ይበጡ፣ ውኃ ቢያንቅ በምን ይውጡ» ይባላል። ይህን ምሳሌ አብዛኛውን ጊዜ የምናነሳው ጠባቂው አጥፊ፣ ዳኛው አድሏዊ ሲሆንብን ነው። እኔ ግን ዛሬ ቃል በቃል ልወስደው እወዳለሁ። ምሳሌውን ያወረሱን አባቶችና እናቶች ምላጭን የጺም መላጫ ብቻ አድርገው አላሰቡትም፤ እባጭ የሚበጣበት የፈውስ መሣሪያም ነበር። ስጋታቸው መድኃኒቱ ራሱ እንዳይታመም ነው። ከጨፋ ሮቢት ተነስቶ ከሚሴ ወይም ደሴ ገበያ የመጀመሪያውን ታጣፊ ምላጭ ሊገዛ ያሰበ ወጣት ቢያማክረኝ፣ ስለ ብረቱ ዓይነት ከመናገሬ በፊት ይህን ምሳሌ አስታውሰዋለሁ።

በአገራችን ምላጭ ከልደት እስከ ሐዘን ያልገባበት ቤት የለም። በሙስሊሙ ቤት ሕፃን በተወለደ በሰባተኛው ቀን ዐቂቃ ሲወጣለት ጸጉሩ ይላጫል፤ በተላጨው ጸጉር ክብደት ልክ ብር መመጽወትም የተወደደ ተግባር ነው። ሐጅ የፈጸመ ወንድ ራሱን ይላጫል ወይም ጸጉሩን ያሳጥራል። በክርስቲያኑ መንደር የሕፃኑ ቁንጮና የልጃገረዷ ጋሜ ቅርጻቸውን ያገኙት በምላጭ ነበር። ሐዘን የደረሰባት ሴት ጸጉሯን ስትላጭም የኀዘኗ ምስክር ያው ምላጭ ነው።

ይህ የታሪኩ መልካም ገጽ ነው። ሌላውን ገጽ መሸፈን ግን አይገባንም። ያው ምላጭ እትብት ቆርጧል፤ የሕፃናትን እንጥል ቆርጧል፤ ሴት ልጆችንም ገርዟል። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 565 እና 566 የሴት ልጅ ግርዛትን ወንጀል ያደረገው፣ ስለቱ ያለ ፈቃዷ በሴት ልጅ ገላ ላይ ያደረሰውን ጉዳት በመገንዘብ ነው። ይህን የማነሳው አንባቢን ላስጨንቅ ብዬ አይደለም። ባለቤቱና ሥራው ያልተለየ ምላጭ፣ ሁሉም የሚያነሳው፣ ለሁሉም ነገር የሚውል ምላጭ ምን ሊያደርስ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምስክር ስለሌለ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው የምርጫ ሕግ ስለ ውፍረቱም ስለ እጀታውም አይናገርም። ምላጭ የአንድ ሰው ይሁን፤ ሥራውም አንድ ይሁን።

ሕጉ ለጤናም ይሠራል። «ስለታማ ነገሮችን በጋራ አትጠቀሙ» የሚለውን ትምህርት በኤች አይ ቪ ዘመን ያደግን ሁሉ በቃላችን እናውቀዋለን። የጉበት ቫይረሶችም አሉ። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰው ገላ ውጭ ቢያንስ 7 ቀን በሕይወት ሊቆይ ይችላል። ዛሬ ወንድሜ የተላጨበትን ምላጭ በጨርቅ ጠርጌ ነገ እኔ ብላጭበት፣ የጠረግሁት ዓይን የሚያየውን ብቻ ነው።

እንግዲህ ወደ ምርጫው እንምጣ። ገበያው ላይ ሁለት ዓይነት ታጣፊ ምላጭ አለ። አንደኛው የራሱ ስለት ያለው፣ እየተሳለ ዕድሜ ልክ የሚያገለግለው ነው፤ የእንግሊዙ ሸፊልድና የጀርመኑ ዞሊንገን ስማቸውን ያስጠሩበት። ሁለተኛው በየጸጉር ቤቱ የምናየው ባዶ እጀታ ነው፤ ጸጉር አስተካካዩ ባለ ሁለት አፍ ምላጭ ከወረቀቱ ሳያወጣ ከመካከሉ ሰብሮ ግማሹን ይሰካበታል። ብዙዎች ሁለተኛውን ለጀማሪ የሚቀለው ነው ይላሉ። እኔ በዚህ በሙሉ ልብ አልስማማም። ግማሽ ምላጭ ቀጭንና ቀላል ስለሆነ እጅ ትንሽ ሲከብድ ወዲያው ይቆርጣል። ሙሉው ምላጭ ክብደቱ ራሱ እጅን ያስተካክላል።

ነገር ግን ሙሉ ምላጭ ባለቤቱን ሥራ ያስይዛል። መሳያ ድንጋይ፣ የቆዳ ጠፍር፣ ከሁሉም በላይ የሚስል እጅ ይፈልጋል። ከሱቅ ሲወጣ ያብረቀርቃል እንጂ ብዙውን ጊዜ ለፊት የሚሆን ስለት የለውም። ስለዚህ ምክሬ እንዲህ ነው። ራስህን ብቻ የምትላጭ ከሆንህና የሚስልልህ ወይም መሳል የሚያስተምርህ ሰው ካገኘህ ሙሉውን ግዛ። እንዲህ ያለ ሰው በአካባቢህ ከሌለ በግማሽ ምላጩ ጀምር፤ እጅህንም አቅልል። አባትህን፣ ታናሽ ወንድምህን ወይም ደንበኛ የምትላጭ ከሆነ ግን ምርጫ የለህም፤ ለእያንዳንዱ ሰው ፊቱ የሚከፈት አዲስ ግማሽ ምላጭ ነው የሚገባው።

ሙሉውን ለሚገዛ ጥቂት ምልክቶች ልስጥ። ወርዱ ወደ 16 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሁን፤ ከዚያ የጠበበው ይወላገዳል፣ የሰፋው ከአፍንጫ ሥር አይገባም። ጫፉ ክብ ይሁን፤ ሹል ጫፍ የለመደ እጅ ይፈልጋል። በመስታወት ላይ ሲጋደም ጀርባውና ስለቱ ከዳር እስከ ዳር እኩል ይንኩ፤ ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ ተጣሟል። የማይዝገው ብረት ለእርጥበት ይበጃል፤ የሚዝገው ግን በቀላሉ ይሳላል፣ ደርቆ ዘይት ከተቀባም ይኖራል። ከአያት የተወረሰ ምላጭ ካለም ስለቱ ላይ ስንጥቅ ወይም ጠልቆ የበላ ዝገት እንዳለ መርምር። ካለ ለማስታወሻ ይቀመጥ፤ ፍቅር የተሰነጠቀ ብረት አይጠግንም።

ሲላጩም ጸጉራችን የራሱ ጠባይ አለው። ከርዳዳ ጺም ከሥሩ ተሟጥጦ ሲቆረጥ ጫፉ ተመልሶ ቆዳ ውስጥ ይገባል፤ አንገት ላይ የምናየው እባጭ ከዚህ የሚመጣ ነው። ምሳሌው ያልጠበቀው ነገር ነው፤ ምላጭ ባያብጥም ያሳብጣል። ስለዚህ ጀማሪ ጺሙን በሙቅ ውኃና በሳሙና አረፋ አለስልሶ፣ ቆዳውን ወጥሮ፣ ምላጩን ወደ 30 ዲግሪ ያህል አዘንብሎ፣ ጸጉሩ በበቀለበት አቅጣጫ ብቻ ይሂድ። ጥቂት ቢቀር ይቅር። ጠፍሩ ላይ ሲያፋጭ ደግሞ ጀርባው ይምራ፤ ስለቱ ከኋላ ይከተል፤ አለዚያ ቆዳውም ስለቱም ይበላሻሉ።

«ተላጭቶ የሚጣለው እያለ ይህ ሁሉ ድካም ለምን?» የሚለኝ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ጂሌት የሚጣለውን ምላጭ ለገበያ ባቀረበበት እ.ኤ.አ. 1903 የሸጠው 51 መላጫና 168 ምላጭ ብቻ ነበር ይባላል፤ ዛሬ ግን ዓለም መሳልን ረስቷል። የሚጣለው ነገር ግን የሆነ ቦታ ይወድቃል። የጨፋ ረግረግ በበጋ የአፋርና የኦሮሞ አርብቶ አደር ከብቱን ይዞ የሚሰባሰብበት ሣር ነው። በዚያ ሣር ውስጥ የተጣለ ምላጭ የላም ምላስ ወይም የእረኛ ልጅ እግር ያገኘዋል። ግማሽ ምላጭ የምትጠቀም ከሆነ ያገለገለውን በጣሳ አጠራቅምና አፉን ከድነህ አስወግድ። ይህን ማድረግ የማይችል ሰው ስለት መያዝ ገና አልተማረም።

እኔ ለታጣፊው ምላጭ የማዳላው አሮጌ ነገር ሁሉ መልካም ነው ብዬ አይደለም፤ አሮጌው ምላጭ ምን እንደሠራ ከላይ ተናግሬአለሁ። የማዳላው ባለቤቱን ስለሚያስታውቅ ነው። በእጁ የሚስለው፣ በእጁ የሚያደርቀው፣ ለማንም የማያውሰው ሰው ምላጩ ምን እንደነካ ያውቃል። ምላጭ ቢያብጥ በምን እንደሚበጡ አባቶቻችን ጠይቀው አልመለሱም። እኔም መልሱ የለኝም፤ እንዳያብጥ መጠበቅ ግን የባለቤቱ ሥራ ነው።