የተሸጠ ሁሉ አተረፈ?

መሸጥና ማትረፍ ለየቅል ናቸው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1995 በተጀመረው፣ ኢቤይ በተባለው የኢንተርኔት ጨረታ ያገለገለ ዕቃ ገዝተው መልሰው የሚሸጡ እናቶች አሉ። ለምሳሌ አንዲቷ የልጅ ካፖርት በ10 ዶላር ገዝታ በ20 ብትሸጥ፣ ለድርጅቱ ኮሚሽን 3፣ ለፖስታ 6፣ ለማሸጊያ 1 ዶላር ብታወጣ ምን ይተርፋታል? ምንም። ፎቶግራፍ ያነሳችበት፣ ገዢ ያነጋገረችበትና ፖስታ ቤት የተመላለሰችበት ሰዓት ከልጆቿ ተወስዶ በከንቱ ቀረ ማለት ነው። ከዚህም ሌላ ጨረታው በዝቅተኛ ዋጋ ተከፍቶ አንድ ተጫራች ብቻ ቢመጣ፣ ዕቃው በዚያው ዋጋ ይሄዳል።

ስለዚህ ከመግዛት በፊት ሻጮች የጠየቁትን ሳይሆን፣ ተመሳሳይ ዕቃ በእርግጥ የተሸጠበትን ዋጋ መመልከት፣ መነሻ ዋጋውንም ከጠቅላላ ወጪው በታች አለማድረግ ይገባል። የራስ ድካምም ወጪ ነውና በደብተር ይመዝገብ።