በረዶው ያድናል፣ ቀጠሮው ይገድላል

ሰሞኑን በቴሌግራም ግሩፖቻችን አንድ ዓይነት ቪዲዮ እየተዟዟረ ነው። ሐኪሞች በአንዲት ሴት ጡት ውስጥ ቀጭን መርፌ አስገብተው እብጠቱን በረዶ ሲያደርጉት ይታያል። ከሥሩ «ካንሰር በበረዶ ዳነ፤ ቀዶ ሕክምና ቀረ» የሚል ጽሑፍ አለው። ብዙ ሰው እየላከልኝ «መምህር፣ ይሄ ነገር እውነት ነው? እኛስ ጋ ይደርሳል?» ይለኛል። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ግን ጥያቄው ስለበዛ ቁጭ ብዬ አነበብኩ፣ ነርሶችንም ጠየቅኩ። ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

በቪዲዮው ላይ ያለው ሕክምና እውነት ነው፤ ስሙ ክራዮአብሌሽን ይባላል። በመርፌው ውስጥ አርጎን ወይም ፈሳሽ ናይትሮጅን እንዲያልፍ ይደረጋል። የመርፌው ጫፍ በጣም ሲቀዘቅዝ በሴሎቹ ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ይሆንና ሴሎቹ ይሞታሉ። በትልልቅ ሆስፒታሎች ለኩላሊት፣ ለጉበትና ለፕሮስቴት ካንሰር ሲሠራበት ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ለጡት ካንሰር ፈቀደው። ፈቃዱ ግን ጠባብ ነው፤ ዕድሜያቸው 70 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ፣ እብጠታቸው ትንሽና ገና በጅምር ላይ ላለ ሴቶች ነው። ስለዚህ «ቀዶ ሕክምና ቀረ» የሚለው ውሸት ነው። ጡቷ ላይ እብጠት ያገኘች እህት ይህን ቪዲዮ አይታ ቤቷ መቀመጥ የለባትም።

ለእኛ የሚሆነው የበረዶ ሕክምና ግን ሌላ ነው። አርጎንም ትልቅ ሆስፒታልም አይፈልግም። ወደ አካባቢያችን ከመጣም ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፣ ቪዲዮ የሚሠራለት ስላጣ ነው እንጂ። የሚያክመውም የማህፀን በር ካንሰርን ገና ካንሰር ሳይሆን ነው።

ጊዜ የሚሰጥ በሽታ

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ 660 ሺህ ገደማ ሴቶች በማህፀን በር ካንሰር ታመዋል፤ 350 ሺህ ገደማ ሞተዋል። ከሞቱት 94 ከመቶ ያህሉ በድሃና በመካከለኛ ገቢ አገሮች ያሉ ናቸው። ምሥራቅ አፍሪካ በሽታው ከሚበረታባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው።

መነሻው ኤች ፒ ቪ የሚባል በግብረ ሥጋ የሚተላለፍ ቫይረስ ነው። አብዛኛው ሰው በሕይወቱ አንድ ጊዜ ያገኘዋል፤ አብዛኛው ሰውነትም ራሱ ያስወግደዋል። ስለዚህ በአንዲት ሴት ላይ ተገኘ ማለት ባለጌ ነች ማለት አይደለም፤ ባሏም ከሄደበት አመጣ ለማለት ማስረጃ አይሆንም። በአንዳንድ ሴቶች ላይ ግን ይቆይና የማህፀኑን በር ሴሎች ቀስ በቀስ ይለውጣል። ይህ ለውጥ ቅድመ ካንሰር ይባላል። አያምም፣ አይደማም። ወደ ካንሰር እስኪለወጥ ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጃል። የመከላከል አቅማቸው ለተዳከመ፣ ለምሳሌ ኤች አይ ቪ ኖሮባቸው መድኃኒት ላልጀመሩ ሴቶች፣ ከ5 እስከ 10 ዓመት ሊሆን ይችላል። ኤች አይ ቪ ያለባት ሴት በዚህ ካንሰር የመያዝ ዕድሏ ከሌላዋ ስድስት እጥፍ ነው።

እንግዲህ አስቡት። ከአሥር ዓመት በላይ ጊዜ የሚሰጥ በሽታ ሴቶቻችንን እየገደለ ያለው ለምንድን ነው?

ሕክምናው እንዴት ነው?

አንዲት ሴት ለምርመራ ስትገባ ነርሷ የማህፀኑን በር በኮምጣጤ አሲድ ትቀባዋለች፤ ወጥ ላይ ከምናውቀው ኮምጣጤ ጋር አንድ ነው። አንድ ደቂቃ ያህል ትጠብቃለች። የተለወጠ ቦታ ካለ ነጭ ሆኖ ይታያል። አንዳንድ ቦታ ደግሞ ሴትየዋ ራሷ በጥጥ መሰል እንጨት ናሙና ወስዳ የምትሰጥበት የቫይረሱ ምርመራ አለ።

ነጩ ቦታ ትንሽ ከሆነ፣ ወደ ውስጥ ካልገባና ካንሰር የሚያስጠረጥር ነገር ከሌለ፣ እዚያው ክራዮቴራፒ ይሠራላታል። በጋዝ ሲሊንደር የሚሠራ መሣሪያ ጫፉ የማህፀኑን በር ይነካል። ለሦስት ደቂቃ ያቀዘቅዛል፣ አምስት ደቂቃ ይለቀቃል፣ እንደገና ሦስት ደቂቃ ያቀዘቅዛል። አለቀ። ኦፕራሲዮን ክፍል አያስፈልግም፣ ማደንዘዣም ብዙ ጊዜ አይሰጥም። የሰለጠነች ነርስ ትሠራዋለች። ሕመሙ እንደ ወር አበባ ቁርጠት ነው ይላሉ። «መካን ያደርጋል» የሚባለው ወሬ ማስረጃ የለውም። ነፍሰ ጡር የሆነች ግን እስክትወልድ ትጠብቃለች።

ከዚያ በኋላ ያለው ነው የሚከብደው። አንድ ወር ያህል ውሃ የመሰለ ፈሳሽ ይወርዳል። ሞዴስና ውሃ እንደልብ በማይገኝበት ካምፕ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቁስሉ እስኪድን አራት ሳምንት ግብረ ሥጋ መታቀብ አለባት፤ ካልተቻለ ኮንዶም ግድ ነው። እዚህ ላይ ባሎች፣ ጉዳዩ የእናንተም ነው። ሚስቱ ይህን መናገር የምትፈራው ባል ሳያውቀው ሕክምናዋን እያበላሸ ነው። በዓመቱም ተመልሳ መታየት አለባት።

በአገራችን ይህ አሠራር እንደሚቻል ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2010 የተጀመረው «አዲስ ተስፋ» የተባለው ፕሮጀክት በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ኤች አይ ቪ ያለባቸውን ከ16 ሺህ በላይ ሴቶች በኮምጣጤው መርምሯል። ከአሥሩ አንዷ ገደማ የተለወጠ ቦታ ተገኘባት። ክራዮቴራፒ ይሆናቸዋል ከተባሉት ውስጥ አብዛኞቹ ሕክምናውን አግኝተዋል። ምስጢሩ አንድ ነው፤ ምርመራውና ሕክምናው በተቻለ መጠን በአንድ ቀን ይሁን ተብሎ ነበር የተነሳው።

«ጋዙ አልቋል፣ ተመለሺ»

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ። የአንድ ተማሪዬ እናት ባለፈው ዓመት ጎረቤቶቿ ጎትጉተዋት ተመረመረች። ነጭ ቦታ ተገኘ። «ትንሽ ነው፣ አትፍሪ፣ ግን ጋዙ አልቋል፤ በሁለት ሳምንት ተመለሺ» አሏት። በሁለት ሳምንቱ ራሽን የሚታደልበት ቀን ሆነ፤ ሰልፉን ትታ ብትሄድ ልጆቹ ምን ይበላሉ? በሚቀጥለው ስትሄድ ጋዙ አልመጣም፣ የመረመረቻት ነርስም ተቀይራለች። ከዚያ ልጅ ታመመባት። እንዲህ እንዲህ እያለ ሰባት ወር አለፈ። ሴትየዋ ሰነፍ አይደለችም። ነርሶቹም ክፉ አይደሉም። አሥራ አንድ ደቂቃ የሚፈጀው ሕክምና በሁለት ቀጠሮ መሃል ወድቆ ቀረ።

ጋዙ ለምን ያልቃል? ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ለስላሳ ፋብሪካ የሚጠቀምበት ጋዝ ነው። ግን ሲሊንደሩ ከባድ ነው፣ ከከተማ በመኪና መምጣት አለበት፣ ባዶው ተመልሶ መሞላት አለበት። ግፊቱ ከቀነሰ ቅዝቃዜው ስለማይበቃ ሥራው ይቆማል። እኛ ካምፖች ደግሞ ያለነው መንገዱ በሚያልቅበት ቦታ ነው።

ለዚህ ነው የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ተርማል አብሌሽን የሚባለውን ለቅድመ ካንሰር ሕክምና የፈቀደው። ይህኛው በማቀዝቀዝ ፋንታ ወደ 100 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት ያክማል። በእጅ የሚያዝ ነው፣ በባትሪ ይሠራል፣ አንድ ጊዜ ማከሙ ከአንድ ደቂቃ በታች ይፈጃል። ጋዝ የሚባል ነገር የለውም። ስልካችንን በሶላር ለምንሞላ ሰዎች የትኛው እንደሚሻል ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ነጩ ቦታ ሰፊ ከሆነ ወይም ካንሰር ከተጠረጠረ በረዶውም ሙቀቱም አይሆንም፤ ሪፈር መባል አለባት። እኛ ጋ ሪፈር ማለት መኪና ብቻ አይደለም፣ የመንቀሳቀሻ ፈቃድም ነው። ከካኩማ ሎድዋር 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ኤልዶሬት ደግሞ ከዚያም ይርቃል። ወረቀቱ ሲዘገይ በሽታው አይጠብቅም። ለዚህም ነው ቀላሉን እዚሁ በጊዜ መጨረስ የሚያስፈልገው።

ገንዘቡ ሲቀንስ ምን ይቀድማል?

በምሥራቅ አፍሪካ ይህ ምርመራ ብዙ ቦታ የተጠለለው በኤች አይ ቪ ክሊኒኮች ሥር ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ መንግሥት ገንዘብ የተጀመረው «ጎ ፈርዘር» የተባለው ትብብር በኋላ ኢትዮጵያንና ኬንያንም አቅፎ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የአሜሪካ የውጭ እርዳታ ሲታገድ በአንድ ገመድ ላይ የተንጠለጠለ ሁሉ አብሮ ተናወጠ። በዚያው ዓመት አጋማሽ የኬንያ ካምፖች ራሽን ከሙሉው ሲሶ እንኳ የማይሞላ ሆነ።

ራሽን ሲቀነስ ሰው ወጥቶ ጮኸ፤ ትክክል ነው፣ ረሃብ ይጮሃል። ቅድመ ካንሰር ግን አይጮህም። አንድ ክሊኒክ ገንዘብ ሲያጥረው ወባን፣ ምጥንና የተጎዳ ሕፃንን ያስቀድማል፤ እኔም ብሆን ያንኑ አደርጋለሁ። ጤነኛ የምትመስል ሴት ምርመራ በዝምታ ይቀራል፣ ማንም ሳይከስ። ሂሳቡ የሚመጣው ከዓመታት በኋላ ነው፤ ያኔ ማቀዝቀዣ አይበቃም፣ ጨረርና ትልቅ ቀዶ ሕክምና ይጠየቃል። ለስደተኛ ያንን ማን ይከፍላል? በገንዘብ ብቻ ብናስበው እንኳ የጋዝ ሲሊንደር መላክ ይረክሳል።

ስለ ሴት ልጆቻችንም አንድ ነገር ልበል። ኬንያ የኤች ፒ ቪን ክትባት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2019 ለ10 ዓመት ልጃገረዶች ነው፤ ኢትዮጵያ ደግሞ በ2018 መጨረሻ ለ14 ዓመቶቹ። የካምፕ ክፍል ውስጥ ግን ዕድሜና ክፍል አይገናኙም። አራተኛ ክፍል ውስጥ የ10 ዓመትም የ15 ዓመትም ልጅ አለች፤ አንዷ ከአገር ቤት ስትወጣ ክትባቱ ያልፋታል፣ እዚህ ስትደርስ ዕድሜው ያልፋታል። ወላጆች፣ የክትባት ካርድ እንደ ራሽን ካርድ ይጠበቅ። መምህራንም ስም ስንመዘግብ ዕድሜ ብለን እንጠይቅ፣ ክፍል ብለን ብቻ አንለፍ።

ምን እንጠይቅ?

የዓለም ጤና ድርጅት ከ30 ዓመት ጀምሮ፣ ኤች አይ ቪ ላለባት ደግሞ ከ25 ጀምሮ ተመርመሩ ይላል። ከግንኙነት በኋላ ወይም ከወር አበባ ውጭ የምትደማ፣ ወር አበባዋ ከቆመ በኋላ ደም ያየች፣ ሽታ ያለው ፈሳሽ ያላት ግን ዕድሜ አትቁጠር፣ ዘመቻም አትጠብቅ፤ ዛሬውኑ ትሂድ።

ክሊኒክ ስትሄዱና ከብሎክ መሪዎች ጋር ስብሰባ ሲኖር እነዚህን ጠይቁ። ነጭ ቦታ ቢገኝ ሕክምናው በዚያው ቀን አለ ወይ? ጋዙ አሁን አለ? ከሌለስ የባትሪው መሣሪያ መቼ ይመጣል? ተመርምረው ሳይታከሙ የቀሩ ሴቶች ስም የት ተመዝግቧል፣ ማንስ ይጠራቸዋል? ሪፈር የተባለች ሴት ፈቃዷ በስንት ቀን ይወጣል? የራሽን ቀንና የቀጠሮ ቀን እንዳይጋጭ ማድረግስ ያን ያህል ከባድ ነው?

የተማሪዬ እናት እስካሁን አልታከመችም። ባለፈው ሳምንት ጋዙ መጥቷል የሚል ወሬ ሰማን። ሰኞ ጠዋት ሁለት ጎረቤቶቿ አብረዋት ሊሄዱ ተስማምተዋል፤ አንዷ ልጆቹን ትይዛለች፣ አንዷ ሰልፉን። በእናንተም ብሎክ እንዲህ ያለች እናት አትጠፋም። ቀጠሮዋ መቼ እንደነበር ጠይቋት።